የዳማው ፈረስ ዕረፍት

ይህችን አባባል ዛሬ ሁሉም ያለቦታዋ ይወረውራታል። ሰነፉ እንኳ ከመደቡ አልነሳም ሲል ይጠራታል። መነሻዋን ቢያውቅ አፉን ይይዝ ነበር፤ የወጣችው ከለቅሶ ቤት ነው።

ባንጃ ውስጥ ደምለው የሚባል ፈረሰኛ ነበር። ዳማ ፈረሱን ከሚስቱ አስቀድሞ ያበላል፤ ለሌላ ሰው ገብስ ሲሰፍር ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ዳማው ጉድጓድ ገብቶ የፊት እግሩ ቢወልቅ ወደ ወጌሻው፣ ወደ አያ ይግዛው ወሰደው።

የወጌሻ ዋጋ ያኔ በሦስት ይከፈል ነበር። አጥንቱ ገብቶ ሲታሰር ገብስ፤ ታሽቶ መራመድ ሲጀምር ደግሞ ገብስ፤ በወጌሻው በረት ዐርፎ ጅማቱ ሲጠና አንድ ጠቦት። ደምለው ሁለቱን ከፈለ። ሦስተኛው ሳይደርስ የሚስቱ አባት ሞቱ። በእኛ አገር ፈረሰኛ የሚስቱን አባት በእግሩ ሄዶ አይቀብርም፤ ፈረሱን ሸልሞ በለቅሶው ዙሪያ ማሶምሶም አለበት። በእግሩ የመጣ እንደ ናቀ ይቆጠራል።

ደምለው ኮርቻውን ይዞ በረቱ ደጃፍ ቆመ።

«ፈረሴን አውጣልኝ።»

«ገና ነው። ጅማቱ አልጠናም።»

«ይራመዳል እኮ፣ አያ ይግዛው። በዓይኔ አየሁት።»

«መራመድና ሰው መሸከም አንድ ነው ያለህ ማነው? የሰው ፈረስ ተውሰህ ሂድ።»

«በውሰት ፈረስ? ሚስቴ በምን ዓይኗ ታየኛለች?» ደምለው ሳቅ አለ። «ገባኝ፣ ጠቦቷን ፈልገህ ነው። ስታስር ከፈልሁ፣ ስታሽ ከፈልሁ። አሁን እሱ ይተኛል፣ አንተ ትቀመጣለህ። ለመቀመጥህም ልክፈል?»

«ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው፤ ፈረስን ከባለቤቱ መጠበቅ» አለ ወጌሻው። «ጠቦቱ ይቅርብኝ፣ ፈረሱን ግን አቆየው።»

ደምለው ጠቦቱ ሲቀርለት ያተረፈ መሰለው፤ የኋላውን ቃል አልሰማም። ፈረሱን ጭኖ ወጣ።

ለቀስተኛው ሁሉ በአንድ መንገድ ይወርድ ነበር። ወንዙ አፋፍ ካለው ቁልቁለት ላይ የዳማው እግር ቋ ብሎ ተሰበረ። ከኋላ በእግሩ ይመጣ የነበረው አያ ይግዛው ተንበርክኮ ዳሰሰው። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ የፈረሱን ዓይን ሸፈነ።

«ጠቦቷን እሰጥሃለሁ» አለ ደምለው። «ላሟንም ጨምሬ እሰጥሃለሁ። ብቻ እሰረው።»

«ለዚህ ዋጋ የለኝም፣ ወንድሜ።»

ጠመንጃ የያዘ ሰው ተጠራ። ደምለው ኮርቻውን በገዛ እጁ ፈታ፤ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ለቅሶው ላይ የደረሰው አቧራ ለብሶ፣ ያን የተሸለመ ኮርቻ ትከሻው ላይ አድርጎ ነው። ፈረሰኞቹ ባሉበት ቆሙ። የሟች ባለቤት ወይዘሮ ጠጂቱ ከኋላው የሚመጣ ፈረስ ያለ መስሏቸው መንገዱን ተመለከቱ። አያ ይግዛው ጠጋ ብሎ የሆነውን ነገራቸው። አልተቆጡም። ለደምለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለትና፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ፈረሱን ዕረፍት የነሳ፣ ኮርቻውን በጫንቃው አነሳ።»