የእድሩ ድንኳን የት ይደር?

አንድ ሰው ነበረ። ባለጠጋ ነው፤ ክፉ ግን አልነበረም። ተቀመጪ እንጂ ወለላ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ፕሮግራሙንና የሚሠራበትን ላይብረሪ፣ ያን ሌሎች ፕሮግራሞችም የሚጋሩትን የኮድ ስብስብ፣ በአንድ ጥቅል ባስረው ምን አለበት? ለላይብረሪው ለብቻው ሌላ ጥቅል ማበጀት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው» ብለሽኝ የለ? እንግዲያው ስሚ።

ይህ ባለጠጋ ለሰፈሩ እድር ድንኳን ገዝቶ ሰጠ። ድስቱም አግዳሚ ወንበሩም ከእሱ ነው። ሰፈርተኛው መርቆት ሲያበቃ ዕቃው የት ይቀመጥ የሚል ነገር ተነሣ። ከሰጪው ቤት ማውጣት ውለታ መርሳት መሰላቸውና «እዚያው እርስዎ ጓዳ ይደር» አሉት። አይ ይሉኝታ! ከዚያ ወዲህ ሰው የሞተበት ሁሉ ከባለጠጋው ጓዳ እየወሰደ፣ መልሶም እያስገባ ኖረ። ችግሩ ለማንም አልታየም፤ ላንቺም ዛሬ እንዳልታየሽ።

ዓመታት አለፉ። ባለጠጋው አረጀና ልጁ ዘንድ ሊኖር ቤቱን ሸጠ። በክረምት አንድ ማለዳ የጭነት መኪና መጣ። ጫኞቹ ምን ያውቃሉ? ጓዳ ውስጥ ያገኙትን ጠራርገው ጫኑ፤ ድንኳኑም አብሮ ተጫነ። ሽማግሌው ጋቢና ገብቶ ሄደ።

በዚያው ማለዳ የአንድ ሸማኔ ሚስት ሞተች። ሸማኔው ያለችው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ለቀስተኛው እየመጣ ደጅ ላይ ቆመ፤ ዝናቡም ይወርዳል። ሸማኔው ወደ ባለጠጋው ቤት ሮጠ። አዲሱ ባለቤት «ወንድሜ፣ እኔ ባዶ ቤት ነው የተረከብኩት» አለው። ሸማኔው እዚያው በሩ ላይ ተቀምጦ «ምነው አምላኬ፣ በወጉ እንኳ ላላስለቅስላት ነው?» እያለ አነባ።

መኪናው ከወንዙ ድልድይ ሊደርስ ሲል የእድሩ ጥሩምባ ተሰማ። ሽማግሌው በመስኮት ዞሮ ቢያይ የድንኳኑ ምሰሶ ከጭነቱ ላይ ተጋድሟል። «አቁም! አቁም እንጂ አንተ! ጉድ ሆንኩ!» ብሎ መኪናውን ከነጓዙ አስመለሰ።

ሸማኔው መኪናውን ሲያይ ተነሥቶ ቆመ። ወጣቶቹ ተረባርበው ድንኳኑን ተከሉት፤ እፎይ ተባለ። ያች ሴት በወጉ ተለቀሰላት። ሽማግሌውም ልብሱ እንደራሰ ከሸማኔው አጠገብ ተቀምጦ «ጥፋቱ የሁላችን ነው። ለዚህ ዕቃ የራሱን ቤት ሥሩለት» አለ።

ሠሩለትም። ከዚያ በኋላ ሰው ቤቱን ሸጦ ቢሄድ ድንኳኑ አይሄድም። ሸራው ሲቀደድ አንዴ ይሰፋና ለሁሉም ይሆናል። ትልቅ ድንኳን ሲገዛም አሮጌው አልተጣለም፤ ግቢው ለትልቁ የማይበቃ ሰው እስካለ ድረስ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

እንግዲህ ወለላ፣ ላይብረሪው ያ ድንኳን ነው፤ ፕሮግራምሽ ደግሞ የባለጠጋው ቤት። ነገ አንድ ሰው ያንቺን የሥዕል ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ ቢያጠፋ፣ ላይብረሪውም አብሮ ይጠፋና በዚያው ላይብረሪ የሚሠራው የደብዳቤ መጻፊያ ዝናብ ላይ ይቀራል። ሰውየው ምን አጠፋ? የራሱን ቤት ነው የለቀቀው። ደግነቱ ጥቅልሽ ገና ከእጅሽ አልወጣም፤ መኪናው ድልድዩን አልተሻገረም። ተመስገን በይና ጥቅሉን ፍቺ፤ ለላይብረሪው የራሱን ቤት ሥሪለት።