መብራቱ በርቷል፣ ጎማው ግን አልቆመም

አንድ ሰውዬ ነበር ወገኖቼ። ደሴ ነው። ፒክአፕ አለው፣ ከኋላው ተሳቢ ይጎትታል፣ ተሳቢው ላይ የሲሚንቶ ሚክሰር ጭኖ ግንባታ ወዳለበት ያደርሳል። እንጀራው ይሄ ነው።

አንድ ጠዋት ጭኖ ጨረሰ፣ ኮምቦልቻ ሊወርድ ነው። ያንን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ አይደል? ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው። ግን ከሰሞኑ ሰውዬው ፔዳሉን ሲረግጥ ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል። እና ምን አደረገ መሰላችሁ? የፍሬን መብራቱን እንዲያይለት የሚስቱን ወንድም ስንሻውን ከኋላ አቆመና ፍሬን ረገጠ።

«በራ?»

«በርቷል! በርበሬ መስሏል!»

«በቃ ግባ፣ እንሂድ!»

በቃ! መረመረ! ይሄው ነው ምርመራው!

እዛው ሰፈር ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ሰሙትና መጡ።

«ልጄ፣ መብራቱ በሌላ ሽቦ ነው፣ ፍሬኑ በሌላ ሽቦ ነው። ጎማውን በክሪክ አንሳና አሽከርክረው። ስትረግጥ ቀጥ ካላለ ፍሬን የለህም።»

«አሁን ሚክሰሩን ላውርድ ጋሼ? ሰዎቹ የፎቅ ሶሌታ ሊሞሉ እየጠበቁኝ?»

ስንሻው ሳቀ። «ጋሽ ዘርጋው እኮ የቆመ መኪናም ያስፈራቸዋል!»

ሽማግሌው አልሳቁም። «ግማሽ ሰዓት ነው» አሉ።

ግማሽ ሰዓት! ወገኖቼ፣ ግማሽ ሰዓት ምንድን ነው?

ሁለቱ ቁልቁለቱን ወረዱ። ፒክአፑ ያንን ሁሉ ክብደት ብቻውን ያዘ፣ ያዘ፣ ያዘ... ከዛ ፍሬኑ ጋለ። ሽታው ገባ። ፔዳሉ ላላ። ስንሻው «ያዘው! ያዘው እንጂ!» ይላል። ምኑን ይያዘው? ተሳቢው ከኋላ ገፋቸውና ከቋጥኝ ጋር ተላተሙ። በስንሻው በኩል።

ሰው ሲደርስ የሰውዬው እግር ገና ፔዳሉ ላይ ነው። ከኋላ ቀዩ መብራት በርቷል። ስንሻው ሞቷል።

የሰውዬው ሚስት ሆስፒታል መጣች። እኔ ልጠይቀው መጥቼ አልጋው አጠገብ ነበርኩ። አላለቀሰችም።

«ፍሬኑን አይተኸው ነበር?»

«በርቶ ነበር» አላት።

«መብራቱን አልጠየቅኩህም» አለችው።



እኛስ ወገኖቼ? ስንዘምር በርቷል። አሜን ስንል በርቷል። እኔም እዚህ ቆሜ ስጮህ በርቷል! ከኋላ የቆመ ሰው ሁሉ «በርቷል!» ይለናል። ቁጣው ሲመጣስ? ጠርሙሱ ፊታችን ሲቀመጥስ? እጃችን ሊመታ ሲነሳስ? የሚይዘን ነገር አለ? ወይስ እየበራን ነው የምንገድለው?

እባካችሁ እኔን አትጠይቁኝ። እኔ የማያችሁ እሁድ፣ ያውም ለሁለት ሰዓት ነው። ዛሬ ቤት ግቡና አብሯችሁ የሚኖረውን ጠይቁ። አንቺ ልጅሽን ጠይቂው። አንተ ሚስትህን ጠይቃት። «ስቆጣ አቆማለሁ ወይ?» በላት። መልስ ሳትሰጥህ ዞራ ልጆቹን ካየች፣ ወንድሜ፣ ሌላ ነገር አትናገር። እዛው ተንበርከክ።