ሁለቱ መስመሮችና የቤዛዊት እጅ

አንዲት ቤዛዊት የምትባል ረዳት አብራሪ ነበረች። ካፒቴን ለመሆን የቀራት አንድ የፈተና በረራ ብቻ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ከወዲሁ «ካፒቴናችን» ብሎ ሾሟታል፤ እናቷማ ለድግሱ በግ መርጠው ጨርሰዋል!

አብራሪ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ወዲያ ወዲህ እያሉ «ከፍ በል፣ ዝቅ በል፣ ዘንበል በል» ብለው ይመራሉ። ቤዛዊት መሪውን በእጇ ይዛ ስታበርር እንኳ ዓይኗ ከነሱ አይነቀልም፤ እግር በእግር ትከተላቸዋለች። በረራዋ እንደ ሐር የለሰለሰ! ማን ይችላታል?

አንድ ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ባዶ አውሮፕላን ሊመልሱ ካፒቴን ዘርይሁን አጠገቧ ተቀመጡ። አንጋፋ ናቸው፤ የሚፈትኗትም እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ይሄን አውሮፕላን አሁን ማነው የሚያበርረው?»

«እኔ ነኛ ካፒቴን! እጄን አያዩትም?»

«እጅሽንማ አየሁት። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ምን ያህል ቀና ብሏል? ሞተሩስ ምን ያህል ኃይል ላይ ነው? ሳታዪ ንገሪኝ።»

«መስመሮቹ... መሃል ላይ ናቸው።»

«ታዲያ ማዕረጉን ለነሱ እንስጣቸዋ!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። «በይ፣ ላጠፋቸው ነው።»

አጠፏቸው። ወይ ጣጣ! ያቺ ለስላሳ እጅ አውሮፕላኑን አንዴ ሽቅብ፣ አንዴ ቁልቁል ታንገላታው ጀመር። ቤዛዊት በልቧ «አለቀልኝ፤ በጉም ተረፈ» አለች። ካፒቴኑ ግን መሪውን አልነጠቋትም።

«ቀና በይ። ወደ ውጭ እዪ። ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን ያዢ። አሁን ፍጥነትሽን፣ አሁን ከፍታሽን፣ ደግሞ ወደ ውጭ። አዎ፣ እንደሱ!»

ቀስ በቀስ አውሮፕላኑ ረጋ። ከዚያ ወዲህ ቀኑ ብሩህ በሆነ ቁጥር «እናጥፋቸው?» የምትለው ራሷ ሆነች።

የፈተናው ቀን ደረሰ፤ ተሳፋሪ ይዘው በረሩ። ከአንድ ሐይቅ ማዶ ማረፊያው ወለል ብሎ ይታያል። መስመሮቹ ግን «ውረጂ፣ ገና ውረጂ» ይላሉ። የድሮዋ ቤዛዊት ብትሆን ተከትላቸው ውሃው ላይ በወረደች! የዛሬዋ ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። ውሃው ቀረብ ቀረብ አለባት።

«መስመሮቹ ተሳስተዋል። ወደ ማረፊያው እንዲመሩኝ መጫን የነበረብኝን ቁልፍ ረስቻለሁ። ያጥፉልኝ ካፒቴን፤ በዓይኔ አወርደዋለሁ።»

አፍንጫውን ቀና አደረገች። ጎማዎቹ አስፋልቱን ሲነኩ፣ ከኋላ አንዲት እናት ሕፃኗን እንዳቀፈች እንቅልፏን ትለጥጥ ነበር።

ካፒቴን ዘርይሁን ቀበቷቸውን ፈቱ። «መርሳትሽን እጽፋለሁ። በጊዜ ማየትሽንም እጽፋለሁ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ካፒቴን ቤዛዊት!»

በጉማ አልተረፈም።

እነዚያ መስመሮች ክፉ አይደሉም። ጭጋግ ሲሆን ዓይን ናቸው፤ ቤዛዊትም እስከ ዛሬ ትጠቀምባቸዋለች። ግን መንገድ የሚያሳየን ነገር ሁሉ የኛን ማየት ሊያስተወን አይገባም፤ እጃችንን የምናለማምደውም ቀኑ ብሩህ ሳለ ነው። እናንተስ ወገኖቼ፣ መሪውን ይዛችሁ ዓይናችሁ ያለው የት ነው?