ነጭ አፈር ያቀመሰው ጭላዳ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን አትንፈጉኝ። ከብዙ ዘመን በፊት፣ ስሟን ባልጠራው የሚሻል አንዲት ደጋ አገር ነበረች። በግና ፍየል፣ አህያና በሬ አብረው ይኖሩባት ነበር። ገብሱ ሞልቷል፣ ውሃው ሞልቷል። የሌላቸው ጨው ብቻ ነው። ጨው ያለው ቆላ ነው። ግመሎች አሞሌ ጭነው ይወጣሉ፣ ገብስ ጭነው ይወርዳሉ። እንዲህ እየሆነ ደገኛውም ቆለኛውም ጠግቦ ያድር ነበር።

የደጋው አለቃ አባ ጎፈር የሚባል ጭላዳ ነበር። ጎፈሩ ትከሻው ላይ እንደ ካባ ይዘናፈላል። ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ሲናገር፣ የሚሰማው ሁሉ እሱም ጎፈር ያበቀለ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ቋጥኙ ላይ ወጣና፣ «ግመል ንቆናል!» አለ። «ከእንግዲህ በኬላችን የሚያልፍ ግመል የጭነቱን ግማሽ ቀረጥ ይክፈል። ይህ ተራራ ከማን ያንሳል?»

«ከማንም አያንስም!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። እውነትም ተራራቸውን ይወዱታል።

የቆላው አለቃ፣ ሽማግሌው ግመል፣ ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ጣለ። «እንግዲያው ከደጋ የሚወርደው ገብስም ግማሹ የእኔ ነው» አለ። አባ ጎፈር ቀረጡን ጨመረ፤ ግመሉም ጨመረ። አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲጨምር፣ በመጨረሻ መንገዱ ላይ ሣር በቀለ።

ጨው ጠፋ። ያን ሰሞን እሜቴ ባዘቶ የምትባል በግ ወልዳ ነበር። ጨው ብታጣ ወተቷ እየደረቀ ሄደ። ግልገሏም እግሩ እየከዳው ድንጋይ ሲልስ ይውላል። ጨንቋት ቋጥኙ ሥር ሄደች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው።»

«እሜቴ፣ ልጅሽ የኩሩ አገር ልጅ ነው፤ ይታገሥ። ይህ ተራራ ከማን ያንሳል?»

«ከማንም አያንስም» አሉ የተሰበሰቡት። ድምፃቸው ግን ሳስቷል። አያ ዳምጠው የሚባለው አህያ ከኋላ ሆኖ፣ «እሱስ አያንስም፤ ያነሰን ጨው ነው» ብሎ አጉረመረመ።

አባ ጎፈር ማጉረምረሙን ሰማ። አሽከሮቹን ከርከሮዎች ልኮ ከሸለቆው ነጭ አፈር አስቆፈረና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስከመረ። «እነሆ የአገር ጨው! ከግመል ጨው ይበልጣል! ተሰለፉና ላሱ!» አለ። የእሱ ጎፈር ያብረቀርቃል። ቀረጥ ተብሎ የተወሰደው አሞሌ የት እንደገባ እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም።

ከሰልፉ ፊት ባዘቶ ከነግልገሏ ቆማለች። አባ ጎፈር ሊያከብራት ብሎ በገዛ እጁ ዘግኖ ዘረጋላት። አፏን አልከፈተችም።

«ጌታዬ፣ ይቅመሱልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«የአገራችን ወግ ነዋ። ጠላ የሚቀዳ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። እናት እንኳ ልጇን ገንፎ የምታጎርሰው ቀምሳ ነው። ሳይቀምሱ ማቅመስ ነውር ነው።»

አባ ጎፈር ሳቀ። «እኔ ጠግቤያለሁ። ይኸው ከርከሮ ይቅመስልሽ።»

«የሚቀምሰው ያቀረበው ነው» አለ ከሰልፉ አንድ በሬ።

«የአለቃ ወግ ሌላ ነው!»

«ወግ አለቃ አያውቅም፣ ጌታዬ» አለች ባዘቶ። እግሯ ከቆመችበት አልተነቃነቀም።

«ይቅመሱልን!» አለ አያ ዳምጠው።

«ይቅመሱልን!» አሉ ሁሉም። ጨው ከጠፋ ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም።

መውጫ ሲያጣ ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ጣለ። ሊውጠው ሞከረ፤ ጉሮሮው እምቢ አለ። ያኔ ከንፈሩን እስከ ድዱ ገልብጦ፣ «እትፍ! እትፍ!» እያለ ግልገሉ ፊት ተፋው።

«ለልጄ ያሰቡለት ይኼንን ነው?» አለች ባዘቶ።

«ይህ ተራራ...» ብሎ ጀመረ። የመለሰለት የለም። ጎፈሩን ሰብስቦ ወደ ገደሉ ወረደ። ከርከሮዎቹም እርስ በርስ ተያዩና ከሰልፉ ገቡ።

«ተከትለን እንውገረው!» አለ አንድ ወይፈን።

«ተወው። ልጄን የራበው ጨው እንጂ ደም አይደለም» አለች ባዘቶ።

ገብሱን አያ ዳምጠው ላይ ጭነው፣ ሣር የበቀለበትን መንገድ እየረገጡ ወደ ኬላው ወረዱ። ከአጥሩ ወዲያ ገብስ አጥተው አጥንታቸው የወጣ ግመሎች አሞሌ ተሸክመው ቆመዋል።

«ለልመና ነው የመጣችሁት?» አለች አንዲት ግመል።

«ለገበያ ነው» አለች ባዘቶ አንገቷን ቀና አድርጋ። «ገብሳችን ይኸው። ጨዋችሁን አሳዩን።»

«እኛንም አለቃችን ታገሡ ሲለን ልጆቻችን አለቁ። የእኛን አለቃ ብታውቂው!»

«የእኛን ባየሽው!» አለ አያ ዳምጠው፤ ከወዲያም ከወዲህም ሳቁ። የኬላውን አጥር ተጋግዘው ነቀሉት። ግልገሉ አሞሌውን ሲልስ ጅራቱ መወዛወዝ ጀመረች።

ሰንበት ብሎ አባ ጎፈር ገበያ ወጣ። «መንገድ ልቀቁ!» አለ።

«ተራዎን ይጠብቁ፣ ጌታዬ» አለው አያ ዳምጠው፣ ያለ ቁጣ። ተሰለፈ። ለእሱም እንደ ማንም ጨው ሰፈሩለት።

ደገኞቹ ጨዋቸውን ይዘው ሲመለሱ ቀና ብለው ተራራቸውን አዩት። ማንም ሳይጮህለት ኮርቶ ቆሟል።

እኔም እዚህ ላይ አፌን ልያዝ። በዚያ አገር ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ይባላል፦ ያልቀመሰውን ያቀመሰ፣ በገዛ አፉ ፈረሰ።