ጉም በር ላይ የመለሰው ክላክስ

እኛ አገር ሰው አሮጌ ዕቃውን ሊጥል ሲነሳ፣ ከጎኑ ያለ ሰው ጣል የሚያደርግበት አንድ ተረትና ምሳሌ አለ። ተናጋሪውም ይስቃል፣ ጣዩም ይስቃል፣ ዕቃው ግን ተመልሶ ጓዳ ይገባል። የሚስቁት መነሻውን ስለማያውቁ ነው። እኔ ስለማውቀው አልስቅም፤ እናንተም ስትሰሙ ታዩታላችሁ።

ነገሩ የሆነው ጉም በር ላይ ነው። ጉም በር ከላይ አምባ ወደ ወይራ ማዶ የሚያሻግር ጠባብ መንገድ ሲሆን፣ በአንድ ጎኑ ተራራ፣ በሌላው ገደል ነው። ጉሙ ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን አያይም። ስለዚህ መንገዱ ደንብ አለው። መኪና የያዘም ሞተር ሳይክል የያዘም በየጫፉ ካለው የድንጋይ ክምር ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋል፣ ጆሮውን ይጥላል፣ ከዚያ ክላክስ ይነፋል። ከማዶ የሚመጣ ካለ ይመልስለታል፤ ድምፅ የመጣበት መንገድ ነው ማለት ነው፣ ወደዚያው ይያዛል። ሌላም ደንብ አለ፤ ወደዚያ ገደል ምንም አይጣልም። ለምን ብላችሁ ትልልቆቹን ብትጠይቁ «አይጣልማ» ነው መልሳቸው።

አንዳርጌ በዚህ መንገድ ሰው የሚያመላልስ ባለ ሞተር ነበር። ልቡ ግን ያለው ወይራ ማዶ፣ የአቶ ክፍሌ ልጅ ማንአህሎሽ ዘንድ ነው። መንደሩ ሲቃረብ ክላክሱን ረዘም አድርጎ ይነፋላታል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ እንደ በሬ ያገሳል። ማንአህሎሽም ውሃ ልቅዳ ብላ ትወጣለች፤ እንስራው ሙሉ ቢሆንም ትወጣለች። አባትየው አይተው እንዳላዩ ከረሙና በመጨረሻ ቃል ላኩ፦ «የሚካኤል ማግስት ከምሳ በፊት ሽማግሌ ይምጣ። ከምሳ በኋላ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ቀድሞ ደጄ ለደረሰ ነው የምሰጠው።»

አንዳርጌ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። ሞተሩ አሮጌ ነው፣ ዳገት ላይ ያቃስታል። ከተማ ወርዶ ሞተሩን የሚያቀልለት ነገር ፍለጋ አንድ የመለዋወጫ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ገባ። ሻጩ ትንሽዬ ሳጥን አወጣና መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

«ባዶውን ነው እንዴ?» አለ አንዳርጌ።

«ሊቲየም የሚሉት ባትሪ ነው። ውሃ አይል፣ አሲድ አያፈስ። ክብደቱ የአሮጌውን ባትሪህን ሩብ አይሆንም። ብርድ ላይ ግን ይሰንፋል። ከማስነሳትህ በፊት መብራቱን አብርተህ ጠብቀው፣ ሲሞቅ ይነቃልሃል። እስክትለምደው ድረስ አሮጌውን አትጣለው።»

አንዳርጌ የሰማው እስከ ሩብ ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ።

አዲሱን አስገጥሞ ሲመለስ አሮጌው ባትሪ ከኋላው ታስሮ ዳገቱን ሁሉ ጀርባውን ሲደበድበው መጣ። ጉም በር ሲደርስ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሰውም የለም። ፈታው፣ በሁለት እጁ አነሳው፣ ወደ ገደሉ ለቀቀው። ሲወድቅ ልስማው ብሎ ቆመ። ምንም አልሰማም። ጥልቅ ነዋ ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ወረደ። እውነትም ሞተሩ ቀሎት ነበር፣ ልቡም እንደዚያው።

የሚካኤል ማግስት ማልዶ የሽማግሌዎቹን አውራ አያ ደጀኔን ከኋላው አፈናጠጠ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ወይራ ማዶ ነዋሪ ናቸውና እዚያው ይጠብቃሉ። ዳገቱን ሲወጡ ሽማግሌው በጋቢያቸው ውስጥ ሆነው ሞተሩን አደነቁ።

«ዛሬስ ፈረስ ሆኗል። ምን አበላኸው?»

«ባትሪውን በቀላል ቀየርኩት፣ አያ።»

«አሮጌውንስ የት አደረስከው?»

«ገደል ሰጠሁት።»

አያ ደጀኔ አማተቡ።

ክምሩ ጋ ሲደርሱ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። አንዳርጌ በደንቡ መሠረት ሞተሩን አጠፋ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ሊያፍታቱ ወረዱ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጆሮውን ጥሎ ቆየና ክላክሱን ተጫነ። አንገቱን እንደያዙት ግልገል ሲር አለ። ሁለተኛው ከዚያ አነሰ። ሦስተኛው ጭራሽ አልወጣም። ሞተሩን ላስነሳ ቢል ጠቅ ብሎ ዝም። በእግር ተረግጦ የሚነሳ ዓይነት ደግሞ አይደለም። መብራት አብርቶ መጠበቁ ትዝ አላለውም፤ ምሳ ሰዓቱ እየቀረበ ነው፣ ማንአህሎሽ ለሌላ ልትሰጥ ነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገው፤ በመጨረሻ እሱም ጠፋ።

ያኔ ከጉሙ ውስጥ ክላክስ መለሰ። ወፍራም ነው፣ እንደ በሬ ያገሳል።

አንዳርጌ እጁን ከክላክሱ አነሳ። የራሱን ክላክስ ያውቀዋል፣ እንደ እናቱ ድምፅ ያውቀዋል። ግን ተመሳሳይ ክላክስ ሞልቶ የለ ወይ ብሎ ራሱን አጽናና። ደግሞ ደንቡ ደንብ ነው፤ ድምፅ ያለበት መንገድ ነው።

«መንገዱ በዚህ ነው፣ አያ። ቁልቁል ነው፣ ገፍቼ አስነሳዋለሁ» ብሎ ሞተሩን ወደ ድምፁ ይገፋ ጀመር። ክላክሱ ደግሞ ጠራ። አሁን ቅርብ ነው፣ ከእግሩ ሥር የሚመጣ ይመስላል።

«አንዳርጌ፣ ቁም» አሉ አያ ደጀኔ፣ ከኋላ ጃኬቱን ጨብጠው። «ድንጋይ አንሳና ወደፊትህ ወርውር።»

አነሳና ወረወረ። ድንጋዩ ሲያርፍ ለመስማት ሁለቱም ጆሯቸውን ጣሉ። አላረፈም።

የፊት ጎማው ለካ አየር ላይ ነው። ሞተሩ ሰው የሚስበው ያህል ከእጁ አመለጠ፣ ሽማግሌው አንዳርጌን ወደ ኋላ ጎተቱት፣ ሁለቱም በጀርባቸው ወደቁ። ሞተሩ ሲከሰከስ አልተሰማም። ቆይቶ ከታች ክላክሱ ነፋ፤ ረዘም አድርጎ፣ ልክ አንዳርጌ ለማንአህሎሽ እንደሚነፋላት። ከዚያ እየራቀ፣ እየራቀ፣ ወደ ወይራ ማዶ ሲወርድ ሰሙት።

አንዳርጌ ፈርቶ ነበር፣ ፍርሃቱንም አልደበቀም፤ አለቀሰ። ሽማግሌው የተራራውን ግድግዳ በከዘራቸው እየዳሰሱ መሩት። ወይራ ማዶ የደረሱት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠብቀው ጠብቀው ወደየቤታቸው ገብተዋል። የአቶ ክፍሌ የግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውሻው ከደጁ ተጋድሞ አፍንጫውን በእግሮቹ መካከል ቀብሯል፤ ሲገቡ ቀና እንኳ አላለም። አቶ ክፍሌ ቆመው ነበር።

«ዘገያችሁ አልልም፣ አያ ደጀኔ» አሉ ዝግ ብለው። «ምሳ ሳይቀርብ ክላክሱ ደጄ ላይ ነፋ። ደስ ብሎን ተነሳን፣ በሩን ከፈትን። የገባ ሰው የለም። ደግሞ ከጓሮ ነፋ። ይኼ ውሻ ለጎረቤት ልጅ እንኳ ግቢውን የሚያናጋው፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው።»

«እኔ ወጥቼ ነበር» አለች ማንአህሎሽ ከውስጥ። አንዳርጌ ድምፅዋን ሰማ እንጂ ፊቷን አላየም። «ሰው የለም። አጠገቤ ግን አንድ ነገር አሲድ አሲድ ይሸት ነበር። አባዬ፣ እኔ ፈርቻለሁ። ይቅርብኝ።»

አንዳርጌ አንገቱን ሲደፋ ከበሩ ምሰሶ ሥር ያለውን ሣር አየ። በአራት ማዕዘን ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ ልኩ የአሮጌ ባትሪ ልክ ነው።

«ድምፁ ለብቻው፣ ገላው ለብቻው ለሚመጣ ሰው ልጄን አልሰጥም» አሉ አቶ ክፍሌ፣ በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት። የሌላው ሰው ሽማግሌዎች በላይኛው መንገድ ሲመጡ ይታያሉ።

አንዳርጌ ደጁ ላይ ቀረ። «አያ፣ እኔ ምን በደልኩ? የጣልኩት እኮ አንድ አሮጌ ባትሪ ነው» አለ።

አያ ደጀኔ የተቃጠለውን ሣር በከዘራቸው ነካ አድርገው ጋቢያቸውን ተከናነቡና፣ «ልጄ፣ ከበደን ብለው የጣሉት ቀድሞ ደጅ ይደርሳል» አሉ።