ሙሄን ያልቀበሩት ሸህ

በአላህ ስም እጀምራለሁ፤ እናንተም በነቢዩ ላይ ሰለዋት አውርዱና ጆሯችሁን ስጡኝ።

በአንዲት አሮጌ ከተማ፣ ስሟን ተዉት፣ ሸህ ይመር የሚባሉ ኪታብ የሚያቀሩ፣ ሃይማኖት የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። አገሬው ሲጣላ "ሸሁ ምን አሉ?" ይባላል፤ እሳቸው ካሉ አለቀ። በዕድሜያቸው "ወላሂ" ብለው ሲምሉ የሰማቸው የለም። "ቃሌ ካልበቃችሁ መሐላዬ ምን ይጨምርላችኋል?" ነበር የሚሉት።

እዚያው ሰፈር ሉባባ የምትባል ልጅ አለች። ጎበዝ፣ ማሻአላህ! ፈተናውን አልፋ ጤና ኮሌጅ ደርሷታል። ግን በምኗ ትማር? አባቷ ሙሄ ዓረብ አገር ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እዚያ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ በየረመዷኑ በሰው አፍ "ሰላም በሉልኝ" ይላል። ሰላምታ ይበላል እንዴ ልጆቼ? እናቷ ከድጃ ናት የሰው ልብስ እያጠበች ያሳደገቻት።

ታዲያ በትልቁ ከተማ የቲሞችን፣ አባት የሞተባቸውን ልጆች፣ ኮሌጅ የሚያስተምር ድርጅት አለ ተባለ። ማመልከቻው "አባቷ ሞቷል" ይላል፤ ሦስት ሽማግሌ በጣት አሻራ ይመሰክሩበታል። የቀበሌው ጸሐፊ ያሲን፣ ሆዱ የሚራራ ሰው ነው፣ ሁለቱን አስፈረመ። ሦስተኛው ሸህ ይመር ካልሆኑ ወረቀቱ አይታመንም። ጊዜው ደግሞ ሐሙስ ያበቃል።

ማክሰኞ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ያሲን እናትና ልጅን አስከትሎ መስጊዱ ደጅ ጠበቃቸው።

"ሸህየ፣ አንድ ጣት ብቻ ነው። ለአንዲት የቲም ብለው።"

"የማን የቲም?"

"የሙሄ ልጅ።"

"ሙሄ መቼ ሞተ?"

ያሲን አንገቱን አከከ። "ኧረ እሱ እንኳ አልሞተም። ለወረቀቱ ያህል ነው የሞተው።"

ሸሁ ማንቆርቆሪያቸውን መሬት አስቀመጡ። "ከሞተማ ምን ያስቀምጠናል? ተነሡ፣ በሩቅ ለሞተ የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብ እንስገድበት! ከድጃም ዛሬውኑ የባል ሐዘን፣ ዒዳ ትግባ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ትቀመጥ። ያችን መሬቱንም ወራሾቹ ይካፈሏት።"

"ኧረ አይሆንም ሸህየ! ነገ ቢመጣስ?"

"እንግዲያ አላህ ዘንድ ሕያው፣ አንተ ወረቀት ላይ ሬሳ?"

ይሄኔ ከድጃ ፈነዳች። "ለአንድ አውራ ጣት ብለው የልጄን ቀን ሊያጨልሙት ነው? ሙሄ ለእኔ ከሞተ ቆየ!"

አልተቆጧትም። "ለአንቺ መሞቱን ሰው ሁሉ ፊት እመሰክርልሻለሁ። ለሞት መልአኩ ለመለከል መውት ግን ጸሐፊው አይደለሁም።"

ሉባባ ወደፊት ቀረበች። ድንገት ወረቀቱን ከያሲን እጅ ነጠቀች፤ "ሞቷል" የሚለውን ሰርዛ "በሕይወት አለ፤ ጥሎን ሄዷል" ብላ ጻፈችበት። ሸሁ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከሥሩ አተሙበት፣ ደህና አድርገው!

"ይሄንን አይተው ይጥሉታል" አለ ያሲን።

"ይጣሉት። እኛም የሚጥሉትን ሰዎች እናያለን።"

ሐሙስ ዕለት ሸሁ ከዘራቸውን ይዘው ከልጅቷ ጋር ትልቁ ከተማ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄዱ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ሴት ወረቀቱን አይታ መለሰችው። "አባቷ ካለ አይሆንም አባባ። ሞቷል ብለው አምጡት፣ እቀበላለሁ።"

"ልጄ፣ ያንቺ አባት አለ?"

"አለ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"እንግዲያው ለዚች ልጅ ስትይ ሞቷል ብለሽ ፈርሚልኝ።"

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ወረቀቱን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ፀሐይ ገባች፤ ሸሁ መግሪብን እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሰገዱ። በመጨረሻ አለቃው ራሱ ወጣና፣ "ለእንዲህ ያለው ሰው ማመልከቻው ላይ መስመር የለንም" አላቸው።

"መስመሩን ያሰመረው ሰው አይደል? ሰው ይጨምርበት።"

ያን ዓመት አልጨመሩበትም። አልዋሻችሁም፣ ሉባባ አንድ ዓመት ከሰረች፤ ከናቷ ጋር ልብስ አጠበች። ከድጃም ሸሁን ሰላም ሳትላቸው ከረመች። በዓመቱ አዲሱ ማመልከቻ ሲመጣ "አባቷ ጥሏት የሄደ" የሚል መስመር ተጨምሮበታል። በዚያ መስመር መጀመሪያ የገባችው ሉባባ ሆነች።

ሙሄ? መጣ እንጂ! ልጁ ጤና ጣቢያ ገብታ መሥራት በጀመረች ጊዜ፣ ታሞ፣ ከስቶ መጣ። መርፌውን እየወጋችው እንዲህ አለችው፦ "አባ፣ ሁሉም ግደይው ሲለኝ እኔ አልገደልኩህም። ቀና ብለህ እየኝ።" ቀና ማለት አቃተው።

ሸሁን "ያ የባከነው ዓመት አይቆጭዎትም?" ብለው ቢጠይቋቸው እንዲህ አሉ፦ "ሕያው ቀብሮ የተማረ፣ መጀመሪያ የተማረው መቅበርን ነው።"

እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት ይሄን እንዲህ ነው የምረዳው። ድሃን "ዋሽና እንርዳህ" የሚል ሰው እጁን አልዘረጋለትም፤ አንገቱን አስደፋው። እናንተም አመልክቱ፣ መብታችሁ ነው፣ ለምን ታፍራላችሁ! ስትጠይቁ ግን እውነታችሁን ይዛችሁ፣ ቆማችሁ ጠይቁ። መስመር የለም ካሏችሁ እስኪሰመር ደጁ ላይ ተቀመጡ። አላህ ሸህ ይመርን ይርሐማቸው፤ እኛንም እንደሳቸው እንቢ ማለትን ይወፍቀን።