የባላምባራስ አሰጌ ሰንሰል

ያለ ልክ የሚመረምር ሰው እጁ የገባው ነገር ሲያመልጠው፣ በእኛ አገር አንዲት አጭር ተረት ትወረወርበታለች። ብዙ ሰው ዝም ብላ ቤት እንድትመታ የተባለች ይመስለዋል። አይደለም፤ የተባለችበት ሰውም፣ የተባለችበት ደጅም ነበር።

ሰውየው ባላምባራስ አሰጌ ናቸው። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጎተራቸው የሞላ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ ተጠራጣሪ ነበሩ እንጂ። ዶሮ እንቁላል ስትታቀፍ እሷን አስነሥተው እንቁላሉን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው «አሁንስ ጫጩት አለ?» ብለው ያዳምጣሉ ይባላል።

እኚህ ሰው አትጠገብ የምትባል ጎረቤታቸውን ወደዱ። እሷም ባሏ የሞተባት፣ አንደበተ ርቱዕ ሴት ነበረች። በአባ ይትባረክ መሪነት ሽማግሌ ቢልኩባት «መልካም» አለች። ታዲያ እሺታዋን በሰሙ ማግሥት ባላምባራስ በቅሎ ጭነው የዘሯን ሐረግ ሊያጣሩ ወጡ። አራተኛው አያቷ ከየት መጣ፣ ስድስተኛው ማን ይባላል እያሉ ሦስት ደብር አዳረሱ።

ወሬው አትጠገብ ዘንድ ደረሰ። አልተቆጣችም። ባላምባራስ ሲመለሱ አንድ እቅፍ የሰንሰል ቁራጭ ይዛ ደጃቸው ቆመች።

«እኔም አንድ ነገር ላጣራ፣ ባላምባራስ» አለቻቸው። «ይህን በደጅዎ ይትከሉልኝ። አብቦ ያየሁ ዕለት ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ።»

ባላምባራስ በሳቅ ፈነዱ። «ሰንሰል! እሱማ ለአጥር የሰኩት ሁሉ የሚበቅል አይደለም እንዴ?»

«ይበቅላል። ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ፣ የቀረው ውጭ ይሁን። ዘመም አድርገው ይትከሉት፣ ዙሪያውን በእግርዎ ጠቅጠቅ ያድርጉለት፣ ከብት እንዳይረግጠው ይጠብቁት። ከዚያ ወዲያ አይንኩት።»

ከእቅፏ የተረፈውን ለጓንጉል ሰጠችው። ጓንጉል ከወንዙ አፋፍ የሚኖር ዝምተኛ ንብ አናቢ ነው። ሰንሰል ሲያብብ ንቦቹ ሩቅ አይሄዱምና ደስ ብሎት የቀፎዎቹን ዙሪያ አጠረበት።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ባላምባራስ እንደተባሉት ተከሉ። በሦስተኛው ቀን አንዱን ነቀል አድርገው አዩት፤ ምንም የለም። መልሰው ወተፉት። በአምስተኛው ቀን ሁሉንም ተራ በተራ ነቀሉ። አትጠገብ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ተንበርክከው አገኘቻቸው።

«ምን ጠፋብዎት፣ ባላምባራስ?»

«ሥሩን ልይ ብዬ ነው።»

«አይንኩት ብዬዎት አልነበረም?»

«ሳላይ እንዴት አምናለሁ፣ አንቺ ሴት!»

መስከረም ሲጠባ ቁራጩ ሁሉ ማገዶ ሆነ። ለከርሞው ክረምት ሌላ እቅፍ ሰጠቻቸው፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። ያ ክረምት አልፎ ኅዳር ላይ አትጠገብ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ይዤ ልጎበኝ እመጣለሁ» ብላ ላከችባቸው።

ባላምባራስ ጭንቅ ገባቸው። እሑድ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ማጭድ በጋቢያቸው ሸሽገው ወደ ወንዙ አፋፍ ወረዱ። ከጓንጉል አጥር ያበበ ያበበውን መርጠው አጭደው፣ ደጃቸው ላይ ሰክተው፣ ውኃ አርከፍክፈው፣ ላባቸውን ጠርገው በር ላይ ተቀመጡ።

እንግዶቹ ሲደርሱ ደጁ በነጭ አበባ ደምቋል። አባ ይትባረክ «እሰይ! እሰይ!» አሉ። ከቅዳሴ ሲመለስ ተከትሏቸው የመጣው ጓንጉል ግን አበባው ላይ የሚርመሰመሱትን ንቦች ትክ ብሎ አይቶ «የኔዎቹ ምን እግር ጣላቸው?» አለ።

አትጠገብ ወደ ባላምባራስ ዞረች። «ዛሬስ በእርስዎ ልማድ እኔ ልየው» ብላ አንዱን በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችው። ያለ ምንም ትግል መጣ። ከታች የማጭዱ ቁርጥ ገና እርጥብ ነው።

ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይኸኛው ዘሩ ልዩ ነው። አበባው ይቀድማል፣ ሥሩ ኋላ ይከተላል።»

ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ቢይዙም ሳቁ አመለጣቸው። አትጠገብም እንዲህ አለች፦ «እንግዲህ ሥር ይዞ ያበበ ሰንሰል ያለው አንድ ደጅ ነው። የዚያ ደጅ ጌታ ሽማግሌ ቢልክ እምቢ አልልም።»

ዓይን ሁሉ ጓንጉል ላይ አረፈ። «እኔ እኮ… እኔ ለንቦቹ ብዬ ነበር» አለና ዱላው ከእጁ ወደቀ። ከዚያ ግን ዱላውን እንኳ ሳያነሣ፣ አባ ይትባረክ እግር ላይ ተደፍቶ «አባቴ፣ እርስዎ ይሂዱልኝ» አለ።

«ወዴት ልሂድ? ይኸው ቆማለች!» ብለው አነሡት አባ ይትባረክ።

ባላምባራስ የተነቀለውን ቅርንጫፍ ይዘው አንዴ አትጠገብን፣ አንዴ ጓንጉልን ያያሉ። አባ ይትባረክም ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው፣ ሳቃቸውን እንደምንም ውጠው «አይ ባላምባራስ» አሉ፤ «ሥሩን ልይ ባይ፣ ቀረ አበባውን ሳያይ!»